ከችግሩ ቀን በፊት፦ የግማሽ ሰዓት ደም ልገሳ የሚያመጣው ለውጥ

በአዲስ አበባ ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከዊንጌት ብዙም ሳይርቅ፣ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ይገኛል። ከከተማዋ ልዩ ልዩ አካባቢዎችና ከክልሎች በሪፈር የሚላኩ በርካታ ታካሚዎች የሚመጡበት ሆስፒታል ነው። በእንዲህ ያለ ሆስፒታል በማንኛውም ሌሊት በወሊድ ምክንያት ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ልትደርስ ትችላለች። ሐኪሙ በሥራው ላይ ሊሆን፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሊዘጋጅ፣ መድኃኒቱም ሊኖር ይችላል። ደም ግን በፋብሪካ አይመረትም፤ በገንዘብ ብዛትም በዚያው ሰዓት አይገኝም። አስቀድሞ ከሰው ተቀድቶ፣ ተመርምሮና በማቀዝቀዣ ተቀምጦ መጠበቅ አለበት።

የዚያችን እናት ሕይወት የሚታደገው ሰው ታዲያ በዚያ ሌሊት በሆስፒታሉ ውስጥ የለም። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በፊት፣ ከሥራ ወይም ከትምህርት ቤት መልስ ለግማሽ ሰዓት ያህል ክንዱን ዘርግቶ ወደ ቤቱ የሄደ ዜጋ ነው። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ትንሽ ተግባር ትልቅ ማኅበራዊ ውጤት የሚያመጣበትን ምክንያት ያብራራል፤ ደም ለመለገስ የሚፈልጉ ዜጎች ማወቅ የሚገባቸውንም ያስረዳል።

ትንሽ ተግባር ትልቅ ውጤት የሚያመጣው መቼ ነው?

ቀላል ተግባር ሁሉ ትልቅ ለውጥ አያመጣም። በጤናው ዘርፍ ውጤታማነታቸው የተረጋገጠ ትናንሽ ተግባራት ሲታዩ ግን ሦስት የጋራ ጠባዮች ይገኙባቸዋል።

• የጎደለውን ነገር በትክክል ይሞላሉ። ብዙ ሥራ ተሠርቶ ሁሉም ነገር በአንድ ጉድለት ምክንያት ሲቆም፣ ያንን ጉድለት የሚሞላው ተግባር ቢያንስም ውጤቱ ይገዝፋል።
• ጊዜያቸውን ይጠብቃሉ። ያው ተግባር ቀደም ብሎ ሲከናወን ሕይወት ያድናል፤ ዘግይቶ ሲከናወን ግን ጥቅም ላይሰጥ ይችላል።
• ማንም ሰው ሊደግማቸው ይችላል። ልዩ ሙያ፣ ብዙ ገንዘብ ወይም ረጅም ጊዜ ስለማይጠይቁ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ይተላለፋሉ።

ለዚህ የታወቀው ምሳሌ በሀገራችን በየጤና ኬላውና በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው ኦአርኤስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ የነጻነት ጦርነት ምክንያት ወደ ሕንድ በተሰደዱ ሰዎች መጠለያ ኮሌራ ሲነሣ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስና ባልደረቦቻቸው ጨውና ስኳር በውኃ ተበጥብጦ በአፍ እንዲሰጥ አደረጉ፤ አሰጣጡንም ለታማሚዎቹ ቤተሰቦች አስተማሩ። ከ100 ታማሚዎች 30 ያህሉን ይቀጥፍ የነበረው ሞት ወደ 4 ገደማ ወረደ። የጎደለው ፈሳሽ ነበር፤ የተገኘው መፍትሔም እናት በማንኪያ ልትሰጠው የምትችል ሆነ።

ቅርብ ጊዜ የታየ ሌላ ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ ይፋ የሆነ ጥናት በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ በሚገኙ 80 ሆስፒታሎች ተካሂዶ ነበር። ከወለደችው እናት ሥር የሚነጠፍ፣ የፈሰሰውን ደም መጠን በመስመር የሚያሳይ የፕላስቲክ ከረጢት ጥቅም ላይ እንዲውል ተደረገ። መጠኑ አሳሳቢ ሲሆን የሕክምና እርምጃዎቹ አንዱ የሌላውን ውጤት ሳይጠብቅ በአንድነት እንዲሰጡም ተወሰነ። በዚህ አሠራር ከባድ የደም መፍሰስና የሚያስከትላቸው አደጋዎች በ60 በመቶ ቀነሱ። ቀድሞ የጎደለው መድኃኒት አልነበረም፤ አደጋውን በጊዜው ማየት ነበር።

የደም ልገሳም ከእነዚህ ተግባራት ወገን ነው። በኢትዮጵያ የዚህን ተግባር ፍሬ ያሳደገው ዋና ነገር ልገሳው የሚከናወንበት ቀን መለወጡ ነው።

ከቤተሰብ ምትክ ወደ በጎ ፈቃድ ልገሳ

በኢትዮጵያ የደም ባንክ አገልግሎት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አማካይነት ነው። አገልግሎቱ ከአራት ዐሥርት ዓመታት በላይ በማኅበሩ ሥር ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ጤና ሚኒስቴር ተዛውሯል።

ለረጅም ዘመን የታካሚ ቤተሰብ ለወሰደው ደም ምትክ እንዲሰጥ ይጠየቅ ነበር። ይህ አሠራር ሦስት ችግሮች ነበሩት። አንደኛ፣ ቤተሰቡ በሚሰጥበት ሰዓት ታካሚው በሞትና በሕይወት መካከል ይገኛል፤ የተቀዳው ደም እስኪመረመር ድረስ ጊዜ ያልፋል። ሁለተኛ፣ ዘመድ የሌለው፣ ከሩቅ አገር የመጣ ወይም ለብቻው የሚኖር ታካሚ ምትክ የሚሰጥለት ሰው አያገኝም። ሦስተኛ፣ የቤተሰብ አባል በጭንቀትና በይሉኝታ ሲሰጥ ስለ ጤንነቱ ሊናገር የሚገባውን ሊደብቅ ይችላል። በአንዳንድ ሀገሮችም በምትክነት ስም ደማቸውን የሚሸጡ ሰዎች እስከ መታየት ተደርሷል።

በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1975 የዓለም ጤና ጉባኤ አባል ሀገሮች ክፍያ በሌለው የበጎ ፈቃድ ልገሳ ላይ የተመሠረተ የደም አገልግሎት እንዲያስፋፉ ወስኗል። ኢትዮጵያም የምትከተለው አቅጣጫ ይኸው ነው።

በሁለቱ አሠራሮች መካከል ያለው ልዩነት በለጋሹ በኩል ሲታይ በጣም ትንሽ ነው። ክንዱም፣ መርፌውም፣ የሚፈጀው ጊዜም አንድ ነው። የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው፤ ከችግሩ በኋላ ይሰጥ የነበረው ከችግሩ በፊት ሆነ። ይህ ለውጥ ግን ደሙ አስቀድሞ ተመርምሮ እንዲቆይ፣ ዘመድ ለሌለውም ሰው እንዲደርስ፣ ለጋሹም ያለ ጭንቀት እውነቱን እንዲናገር አስችሏል።

የእድር ትምህርት

ይህ አስተሳሰብ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። እድርተኛ በየወሩ የሚያዋጣው ሐዘን በገባበት ቀን አይደለም፤ ቤቱ ሰላም በሆነበት ወር ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ተገዝተው የሚቀመጡት ማን መቼ እንደሚፈልጋቸው ሳይታወቅ ነው። ያ ቀን ሲደርስ ሐዘንተኛው ቤተሰብ ድንኳን ፍለጋ አይንከራተትም።

የደም ባንክም የሕይወት እድር ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ እድር አባላቱን ሲያገለግል፣ የደም ባንክ ግን ከፍሎ የማያውቀውንና ወደፊትም መክፈል የማይችለውን ሕፃን ጭምር ማገልገሉ ነው። በዝቅተኛ ገቢ ላይ ባሉ ሀገሮች ከሚሰጠው ደም እስከ 54 በመቶ የሚሆነው ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት እንደሚውል የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። በወባ ወይም በምግብ እጥረት ምክንያት ደሙ ያነሰ ሕፃን፣ በወሊድ ጊዜ ደም የፈሰሳት እናት፣ በመኪና አደጋ የተጎዳ መንገደኛ፣ የካንሰር ሕክምና የሚከታተል ታማሚ፣ ሁሉም ከዚሁ ቋት ይጠጣሉ።

በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በኢትዮጵያ ከ100,000 ሕያው ወሊዶች የሚሞቱ እናቶች ግምት እ.ኤ.አ. በ2000 871 ነበር፤ በ2016 ደግሞ 412 ሆኗል። ለዚህ መሻሻል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የጤና ጣቢያዎች መስፋፋት፣ የአምቡላንስ አገልግሎትና የሌሎች በርካታ ሥራዎች ድምር አስተዋጽኦ አድርጓል። ቀሪው ቁጥር ግን አሁንም ከባድ ነው፤ ከእናቶች ሞት ምክንያቶችም የደም መፍሰስ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። በወሊድ ጊዜ የሚከሰት ከባድ መድማት በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ስለሚችል፣ ደም በዚያ ሰዓት በሆስፒታሉ መኖሩ ወሳኝ ነው።

ከ1,000 ሰው 3 ሰው

የዓለም ጤና ድርጅት የአንድን ሀገር መሠረታዊ የደም ፍላጎት ለማሟላት በዓመት ከሕዝቡ 1 በመቶ ያህል ልገሳ እንደ ዝቅተኛ መነሻ ይወስዳል። ይህ ማለት ለ1,000 ሰው በዓመት 10 ከረጢት ደም ማለት ነው።

አንድ ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ፣ ማለትም በዓመት እስከ 4 ጊዜ፣ መለገስ ይችላል። ስለዚህ ከ1,000 ሰዎች መካከል 3 ሰዎች ብቻ ዓመቱን ሙሉ በቋሚነት ቢለግሱ 12 ከረጢት ይሰበሰባል፤ ዝቅተኛው መነሻም ይሟላል። እያንዳንዱ ለጋሽ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ግን በየዓመቱ 10 አዳዲስ ሰዎች መፈለግ አለባቸው፤ በ10 ዓመት 100 ሰዎች ማለት ነው። ሁለተኛ ልገሳ ከመጀመሪያው ልገሳ የበለጠ ዋጋ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። በተደጋጋሚ የሚለግስ ሰው በየጊዜው የተመረመረና ሂደቱን የለመደ ስለሆነ ደሙም ይበልጥ አስተማማኝ ይሆናል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል በዚህ ስሌት ውስጥ በግልጽ ይታያል። ሸክሙ ለጥቂቶችም እንኳ ቀላል ነው፤ የሚጠይቀው በጊዜው መመለስን ነው።

ማን ሊለግስ ይችላል?

• ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፤
• ክብደቱ 45 ኪሎ ግራም እና ከዚያ በላይ የሆነ፤
• በልገሳው ዕለት ሙሉ ጤንነት የሚሰማው፤
• ካለፈው ልገሳ 3 ወር የሞላው።

ነፍሰ ጡር ሴቶችና የሚያጠቡ እናቶች፣ በቅርቡ የታመሙ ወይም መድኃኒት በመውሰድ ላይ ያሉ፣ በቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ወይም ንቅሳት የተነቀሱ ሰዎች ለተወሰነ ጊዜ እንዲቆዩ ሊጠየቁ ይችላሉ። «ዛሬ አይቻልም» መባል ለለጋሹም ለታካሚውም የሚደረግ ጥንቃቄ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌላ ቀን ተመልሶ መለገስ ይቻላል።

የልገሳው ሂደት

1. ምዝገባ፦ ለጋሹ ስሙንና አድራሻውን ያስመዘግባል።
2. ቃለ መጠይቅ፦ ስለ ጤንነቱና ስለ አኗኗሩ ለሚቀርቡለት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። መልሱ በምስጢር ይያዛል፤ እውነተኛ መሆኑም የታካሚውን ደኅንነት ይወስናል።
3. ምርመራ፦ ክብደትና የደም ግፊት ይለካል፤ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ የሄሞግሎቢን መጠን ይታያል።
4. ልገሳ፦ አንድ ጊዜ ብቻ ጥቅም ላይ በሚውል ንጹሕ መርፌ እስከ 450 ሚሊ ሊትር ደም ይቀዳል። መቅዳቱ ራሱ ብዙውን ጊዜ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም።
5. ዕረፍት፦ ለጋሹ ለጥቂት ደቂቃዎች ዐርፎ ፈሳሽና ቀለል ያለ ምግብ ይወስዳል።

የተቀዳው ደም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲ እና ለቂጥኝ ይመረመራል፤ የደም ዓይነቱም ይለያል። አንድ ከረጢት ደም ወደ ቀይ የደም ሕዋስ፣ ፕላዝማና ፕላትሌት ሲለይ እስከ 3 ታካሚዎች ሊያገለግል ይችላል።

ለልገሳ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ምግብ መመገብና ውኃ በብዛት መጠጣት ይገባዋል። ከልገሳው በኋላም በዚያው ዕለት ከባድ ሸክም ከማንሣትና ከአድካሚ ሥራ መቆጠብ ይመከራል። የሚጾም ሰው ከተመገበ በኋላ ወይም ጾሙ ከተፈታ በኋላ ቢለግስ ይሻላል።

ብዙ ጊዜ የሚነሡ ሥጋቶች

«ደም መስጠት አቅም ያሳጣል።» በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ በአማካይ 5 ሊትር ያህል ደም አለ፤ የሚለገሰው ከዚህ አንድ ዐሥረኛ አይሞላም። ፈሳሹ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይተካል፤ ቀይ የደም ሕዋሳት ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ይታደሳሉ። የ3 ወር ልዩነት የተወሰነውም ሰውነት ያለ ችግር እንዲያገግም ነው።

«በልገሳ በሽታ ይተላለፋል።» መርፌውና ከረጢቱ አዲስ ስለሆኑና ከአንድ ሰው በኋላ ስለሚወገዱ ለጋሹ በልገሳው በሽታ አይያዝም።

«ልለግስ፤ በዚያው እመረመራለሁ።» ይህ ሐሳብ ቢለመድም አደገኛ ነው። አንድ ሰው በኤችአይቪ ወይም በሌላ ተላላፊ በሽታ ከተያዘ በኋላ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት አጭር ጊዜ አለ። ለበሽታ ተጋልጫለሁ ብሎ የሚጠራጠር ሰው ወደ ምርመራ አገልግሎት መሄድ እንጂ ለመመርመር ሲል ደም መለገስ የለበትም።

«የእኔ የደም ዓይነት የተለመደ ነው፤ አይፈለግም።» የተለመደ የደም ዓይነት ያላቸው ታካሚዎችም የዚያኑ ያህል ብዙ ስለሆኑ በየቀኑ ይፈለጋል። ኔጋቲቭ የደም ዓይነት ያላቸው ሰዎች ደግሞ በቁጥር ጥቂት ስለሆኑ በደም ባንኩ ተመዝግበው በተጠሩ ጊዜ መገኘታቸው እጅግ ይጠቅማል።

በአንድ ቀን ብዙ ሰው ወይስ በየወሩ ጥቂት ሰው?

ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ የሚቆየው ለ35 ቀናት ገደማ ነው፤ ፕላትሌት ደግሞ 5 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ በዓል ወይም ከአንድ አደጋ በኋላ ብዙ ሕዝብ በአንድ ቀን ተሰልፎ ቢለግስ፣ ፍቅሩ የሚመሰገን ቢሆንም ከደሙ የተወሰነው ጥቅም ላይ ሳይውል ጊዜው ሊያልፍ ይችላል። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ማቀዝቀዣው ሊጎድል ይችላል።

በተለይ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች በሚዘጉበት ክረምትና በጾም ወራት የለጋሾች ቁጥር የመቀነስ አዝማሚያ አለው። የታካሚው ቁጥር ግን በእነዚህ ወራት አይቀንስም። በእነዚህ ጊዜያት የሚሰጥ አንድ ከረጢት ትክክለኛውን ጉድለት ይሞላል።

በዊንጌትና በአካባቢው ምን ሊሠራ ይችላል?

የዊንጌት አካባቢ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1946 ከተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው። ዛሬ በዚህ ስፍራ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ የታክሲ ሠራተኛውና የሆስፒታል አስታማሚው በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ። ደም የሚፈልገውና ደም ሊሰጥ የሚችለው ሰው ተራርቀው አይኖሩም፤ የሚያገናኛቸው መርሐ ግብር ግን ያስፈልጋል።

• እድሮችና ማኅበራት፦ የደም ባንኩ ተንቀሳቃሽ ቡድኖች በሥራና በመኖሪያ ቦታ ተገኝተው ደም ስለሚሰበስቡ፣ አስቀድሞ በማመልከት ቀን ማስያዝ ይቻላል። በአንድ አካባቢ ያሉ እድሮች ተራ ቢገቡና እያንዳንዱ የራሱን ወር ቢይዝ፣ ዓመቱ ሙሉ ይሸፈናል።
• ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች፦ ዕድሜያቸው 18 የሞላ ተማሪዎች ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት ቢለግሱ ለክረምቱ መግቢያ ስንቅ ይሆናል፤ መምህራንና ሠራተኞች ደግሞ የክረምቱን ወራት ሊይዙ ይችላሉ።
• የሥራ ቦታዎች፦ አሠሪዎች ለለጋሽ ሠራተኞቻቸው የአንድ ሰዓት ፈቃድ መስጠት ይችላሉ።
• ግለሰቦች፦ ለጋሹ ቀጣዩን ቀን በስልኩ ወይም በቀን መቁጠሪያው ላይ ቢመዘግብና አንድ ጓደኛ ይዞ ቢመለስ፣ አንዱ ልገሳ ወደ ብዙ ይለወጣል።

ነፍሰ ጡር እናት ያለበት ቤተሰብም የራሱ ድርሻ አለው። የቅድመ ወሊድ ክትትል በወቅቱ መጀመር፣ በክትትሉ ወቅት የእናቲቱን የደም ዓይነትና የሄሞግሎቢን መጠን ማወቅ፣ የታዘዘውን የአይረን እንክብል በአግባቡ መውሰድ፣ የት እንደምትወልድና በምን እንደምትሄድ አስቀድሞ መወሰን አደጋውን ይቀንሳሉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። እነዚህም ቢሆኑ ከችግሩ ቀን በፊት የሚፈጸሙ ትናንሽ ተግባራት ናቸው።

ደም ለሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች ቤተሰቦች

ደም አይሸጥም፤ አይገዛም። ለታካሚ ደም የሚጠየቀው በሐኪሙ ትእዛዝ፣ በሆስፒታሉ በኩል ነው። ደም አስገኛለሁ በማለት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ያጋጠመው ቤተሰብ ክፍያ ከመፈጸም ተቆጥቦ ጉዳዩን ለሆስፒታሉ አስተዳደር ማሳወቅ ይገባዋል። በደም የታደገ ታካሚ ቤተሰብ ማመስገን ቢፈልግ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋና ከጊዜ በኋላ ያለ ማንም አስገዳጅነት ሄዶ መለገስ ነው።

በየዓመቱ ሰኔ 7 ቀን የሚከበረው የዓለም ደም ለጋሾች ቀን ለጋሾችን ለማመስገን ታስቦ የተሰየመ ነው። አገልግሎቱ ግን የሚቆመው በዓመቱ አንድ ቀን ሳይሆን በቀሩት ቀናት በሚመለሱት ሰዎች ነው። ለመለገስ የሚፈልግ ዜጋ በአቅራቢያው ወደሚገኝ የደም ባንክ ወይም ወደ ተንቀሳቃሽ የደም መሰብሰቢያ ጣቢያ መታወቂያውን ይዞ፣ በልቶና ውኃ ጠጥቶ መሄድ ይችላል። ከዚያ ሲወጣ ሊይዝ የሚገባው አንድ ነገር ከ3 ወር በኋላ የሚመለስበትን ቀን ነው።